ማገገሚያ ቤቶቹን በሌሊት ጎብኟቸው

ለጤና ሚኒስቴር፣
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር የጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣
ለማገገሚያ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞች፣

ጉዳዩ፦ በትናንሽ የሱስ ማገገሚያ ቤቶች የሌሊት ክትትል እንዲኖር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ሱስ የያዛቸው አዋቂዎች አድረው የሚታከሙባቸውን ትናንሽ ማገገሚያ ቤቶች ስትቆጣጠሩ፣ እባካችሁ በሌሊት ሂዱ። ስልክ ሳትደውሉ ሂዱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንኳኩና በሩን ማን እንደሚከፍትላችሁ እዩ። ነርስ ነው? ዘበኛ ነው? ወይስ ከጥቂት ወራት በፊት ራሱ ታካሚ የነበረ ልጅ ነው? የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ በማን ኪስ ነው ያለው? አሁን አንድ ሰው ቢወድቅ ማን ምን ያደርጋል? የአንድን ማገገሚያ ቤት ጥራት የሚነግራችሁ ይህ ነው። የግቢው አበባም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጥቅስም፣ የምግብ ፕሮግራሙም ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህን የምለው በታናሽ ወንድሜ የደረሰውን ስላየሁ ነው። ወንድሜ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ሥራ የነበረው፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነው። ቀን ጫት፣ ማታ ጨብሲ ነበር ነገሩ። እያደር ጫቱ ቀረና መጠጡ ብቻውን ቀጠለ። በመጨረሻ ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። እናታችን ጠበል ይዛው ወጣች። ዘመድ አዝማድ መከረ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ። ከዚያ አንድ ቀን ራሱ «ውሰዱኝ» አለ።

የሱሰኛ ቤተሰብ የሆነ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልቡ ሳይመለስ ቶሎ ማስገባት ነው። አማርጦ ለመግባት ጊዜ የለም። ቴሌግራም ላይ ስልክ ይፈለጋል፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ይታያል፣ የጎረቤት ልጅ የት እንደገባ ይጠየቃል። በማግስቱ ቤቱን ለማየት ይኬዳል፤ ያውም ቀን፣ በቀጠሮ። ባለቤቱ እየዞረ ያሳያል። አልጋው ተነጥፏል፣ ሳሎኑ ውስጥ ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይወያያሉ፣ ከወጥ ቤት የሽሮ ሽታ ይመጣል። «24 ሰዓት ክትትል አለን» ይባላል። ቤተሰብም እፎይ ብሎ ገንዘቡን ይከፍላል።

ወደ እነዚህ ቤቶች ለምን እንደምንሄድ ታውቃላችሁ። ቅዱስ አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የገፈርሳ ማገገሚያም በዋናነት ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕሙማን የቆመ ነው። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተከፍቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሱስ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የመንግሥት አልጋ ግን ከፈላጊው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ክፍተቱን የሞሉት ቪላ ተከራይተው፣ አሥርም አሥራ አምስትም ሰው የሚያስተኙት የግል ቤቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ በእውነት ሰው ያዳኑ አሉ። ስለዚህ ይዘጉ እያልኩ አይደለም። ቢዘጉ ወንድሞቻችን የሚመለሱት ወደ ግሮሰሪው ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልግባ።

ወንድሜን ያስገባንበት ቤት ስሙን አልጠራም። የተለየ ክፉ ቤት ነው ብዬ አላምንም። የተፈራረምነው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ይላል። ለመጀመሪያው ወር ቤተሰብ አይጠይቅም፣ ስልክም የለም ይላል። ምክንያቱን ሲያስረዱን፣ ቤተሰብ ሲመጣ ልጁ ያለቅሳል፣ ቤተሰብ ይራራል፣ ይዞት ይወጣል አሉ። እውነት አለው፤ እንደዚያ የሆነ ቤተሰብ አውቃለሁ። ነገር ግን ቤተሰብ እንዳያይ የሚከለከልበት ያ ጊዜ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት፣ ለጠጪ ሰው ከሁሉ የበለጠ አደገኛው ጊዜ ነው።

ይህን በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውምና።

ጫት ያቋረጠ ሰው ይጨነቃል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ዱካክ ይይዘዋል፣ ዓለም ያስጠላዋል። ከባድ ነው፤ ተስፋ የቆረጠም ሰው ስለሆነ ብቻውን ሊተው አይገባም። ሰውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። አልኮል እንደዚያ አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው መጠጡን ድንገት ሲያቆም አንጎሉ ልጓሙ እንደተበጠሰ ፈረስ ይሆናል። ከመጨረሻዋ ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሊከተል ይችላል። የት እንዳለ አያውቅም፣ የሌለ ነገር ያያል፣ በላብ ይጠመቃል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ይገድላል።

የሚያሳዝነው ሕክምናው የታወቀ መሆኑ ነው። ውድም አይደለም። ሐኪም እየለካ የሚሰጠው ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት አለ። ታያሚን የሚባለው ቪታሚን ቢ1 አለ፤ ጉሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት መቅደም አለበት፣ ካልሆነ አንጎል ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ውኃ አለ፣ የደም ግፊትና የሙቀት መለኪያ አለ። ነርሶች «ሲዋ» የሚሉት 10 ነጥቦችን የሚያይ መለኪያ አለ፤ ላቡን፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ ጭንቀቱን፣ ቅዠቱን እያዩ በየጊዜው ይሞሉታል። ቁጥሩ ሲጨምር ሐኪም ይጠራል። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ የሠለጠነና የነቃ ሰው ነው። የነቃ የምለው እንቅልፍ ያልተኛ ለማለት ነው።

ወንድሜ በገባ በሁለተኛው ሌሊት አልጋው ላይ ተነሥቶ ይጮህ ጀመር። ግድግዳው ላይ ነፍሳት ያያል። የሌሊት ተረኛ የነበረው በቅርቡ እዚያው ታክሞ የዳነ ልጅ ነው። ሌላው ዘበኛው ነው። ነርሷ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ልጁ ያየውን ሐራራ ነው ብሎ አሰበ። ሌሎቹ ታካሚዎች እንዳይረበሹ ከመድኃኒት ሣጥኑ ማረጋጊያ መርፌ አውጥቶ ወጋው። በኋላ ሆስፒታል እንደተነገረን መርፌው ክሎርፕሮማዚን ነበር፤ ብዙ ሰው ላርጋክቲል የሚለው። ይህ መድኃኒት የሚረብሽን ሰው ዝም ያሰኛል። ከአልኮል የሚወጣን ሰው ግን ለመንዘፍዘፍ ይበልጥ ያጋልጠዋል። ወንድሜ ጸጥ አለ። ሊነጋጋ ሲል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ተንዘፈዘፈ። ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ልጁ የባለቤቱን ስልክ ደጋግሞ ደወለ፤ ዝግ ነው። የውጭው በር ጓጉንቸር አለው፤ ቁልፉ ባለቤቱ ዘንድ ነው። አምቡላንስ መጥራት እንደሚፈቀድለት አያውቅም፤ «ስማችን ይጠፋል» ተብሎ ተነግሮታል።

ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። «ትንሽ ወድቆ ነበር፣ አሁን ደህና ነው» አሉኝ።

ስደርስ ወንድሜ ምላሱ ተነክሶ፣ እህቱ መሆኔን ሳይለይ ተቀምጧል። ሆስፒታል ልወስደው ስል፣ ምን እንደተሰጠው የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። የመዝገብ ደብተሩን አምጥተው አሳዩኝ። ባለ ካሬ ደብተር ነው። በቢክ የተሠመረ ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ተረኛ፣ ሁኔታ። በሁኔታ ሥር ከላይ እስከ ታች በአንድ እጅ ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ተደርድሯል። «ሁሉም በሰላም አድረዋል።» ወንድሜ የወደቀበትም ሌሊት «ሁሉም በሰላም አድረዋል» ይላል። ከሥሩ ያለውም መስመር፣ ገና ያልመጣው ሌሊት፣ ተሞልቶ ነበር።

እንግዲህ ይህ ደብተር ነው ለተቆጣጣሪ የሚቀርበው። ተቆጣጣሪው ቀን ይመጣል፣ ደብተሩን ያያል፣ የነርሷን ፈቃድ ግድግዳ ላይ ያያል፣ የመድኃኒቱን ጊዜ ማለፍ አለማለፍ ያያል። የሚያየው ሁሉ እውነት ነው። ነርሷ አለች፣ ፈቃዷም ትክክል ነው። ሌሊት ግን የለችም።

ስለዚያ የሌሊት ልጅ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ ያስታወሰው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ሹራቡን አውልቆ ከራሱ ሥር አድርጎ እስኪነጋ ይዞት እንደተቀመጠ። ያ ልጅ አልመታውም፣ አልሰደበውም። የቻለውን ሁሉ አድርጓል። ደሞዝ የለውም። ያላለቀ የሕክምና ክፍያ ስለነበረበት በሥራ እየከፈለ ነው። ራሱ ገና ጥቂት ወራት ነው ከመጠጥ ከወጣ። በእንቅልፍ እጦት፣ በፍርሃት፣ የመድኃኒት ሣጥን ቁልፍ በኪሱ ይዞ የአሥራ ምናምን ሰው ነፍስ ተሸክሞ ያድራል። ለእሱም አደጋ ነው። ብዙ እንደ እሱ ያሉ ልጆች ከእንዲህ ዓይነት ሌሊት በኋላ ነው ተመልሰው የሚወድቁት።

ከሱስ የወጣ ሰው በማገገሚያ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን የሚተካ የለም። ሐኪሙ የማይገባውን እሱ ይገባዋል። ሲዋሹት ያውቃል። «እኔም እንደዚህ ነበርኩ» ሲል ይታመናል። ስለዚህ ይቅሩ አልልም፤ እንዲያውም ይብዙ። ግን ደሞዝ ይከፈላቸው። ሥልጠና ያግኙ። ከወጡ በኋላ በቂ ጊዜ ሳይቆይ ለሥራ አይመደቡ። መርፌ አይውጉ። ብቻቸውን አይደሩ። እነዚህን በመመሪያ ማስፈር ለእናንተ ከባድ አይመስለኝም።

ወንድሜ ከሆስፒታል በኋላ ወደ ሌላ ቤት ገባ። ይኼኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። አበባ የለውም፣ ቲክቶክም የለውም። ቀለሙ የተላጠ የድሮ ቪላ ነው፤ እራት ብዙ ጊዜ ሽሮ ወይም ፓስታ ነው። ለመግባት ስንሄድ ባለቤቷ መጀመሪያ የጠየቀችን «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?» ብላ ነው። ቀጥላ «ከዚህ በፊት ሲያቋርጥ ጥሎት ያውቃል?» አለች። መጠጥ ላይ ያለን ሰው በቀጥታ እንደማትቀበል፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ታይቶ የሐኪም ወረቀት መያዝ እንዳለበት ነገረችን። ገንዘብ ፈላጊ ብትሆን ይህን አትልም ነበር።

እዚያ የሌሊት ነርስ አለ። አንድ ምሽት ወንድሜን ለመጠየቅ ሄጄ ዝናብ ስለያዘኝ እዚያው አድሬ ሥራውን አየሁት። የእጅ ባትሪውን ወደ ተኙት ሰዎች ፊት አያበራም፤ ወደ ኮርኒሱ ነው የሚያበራው። ቆም ብሎ የእያንዳንዱን ትንፋሽ ያዳምጣል። አዲስ ከሆስፒታል የመጣውን ሰውዬ ቀስ ብሎ ቀሰቀሰውና «ጋሼ፣ እጅዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ» አለው። ሰውየው ሁለት እጁን ዘረጋ። ነርሱ ጣቶቹን ለአፍታ አየ፣ ግንባሩን ነካ፣ ግፊቱን ለካ፣ ውኃ አጠጣው። ከዚያ ወጥቶ ጻፈ። ደብተሩን አየሁት። «7፡40፣ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ የለም፣ ስሙንና ቦታውን ያውቃል፣ ውኃ ጠጥቷል፣ 9፡00 ላይ ድጋሚ ይታያል።» ጽሑፉ ያዘነበለ ነው፤ ቆሞ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። የውጭው በር ከውስጥ ይከፈታል። ስልኩ አጠገብ ወረቀት ተለጥፏል፤ 907 እና 939 የሚሉት የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሮች፣ ከሥሩ የአቅራቢያው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቁጥር።

ወንድሜን የቱ ቤት እንደጠቀመው ስጠይቀው ስለ ምክሩም ስለ ምግቡም አላወራም። «እዚህ ሰው ይነቃልኛል» አለኝ።

የሁለቱ ቤቶች ወርኃዊ ክፍያ ብዙም አይራራቅም። ስለዚህ «የሌሊት ነርስ መቅጠር አንችልም» የሚለውን መልስ እንዲሁ መቀበል ይከብደኛል። ባለቤቶቹ ያለባቸውን የቤት ኪራይና የኑሮ ውድነት አውቃለሁ። ቅዱስ አማኑኤል የአእምሮ ጤና ነርሶችን ማሠልጠን ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1995 ዓ.ም. የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ጀምሯል። ባለሙያ የለም የምንልበት ዘመን ላይ አይደለንም። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ነርሶችን በየሰፈሩ እናውቃለን። መንግሥትም ማገዝ የሚችልበት መንገድ አለ። ለምሳሌ በአንድ ክፍለ ከተማ ያሉ ቤቶች በጋራ አንድ ተጠሪ ሐኪም በስልክ የሚያገኙበት ዝግጅት ቢኖር፣ ሌሊት ላይ ብቻዋን ያለች ነርስ የምታማክረው ሰው ታገኛለች። ለእነዚህ ነርሶች የአልኮል ማቋረጥ ሕክምናን የሚመለከት አጭር ሥልጠና ቢሰጥ ከወጪው ይልቅ ጥቅሙ ይበልጣል።

ስለ መቆለፍም ልናገር። ሱሰኛ እንዳያመልጥ ተብሎ መስኮቱ ብረት፣ በሩ ጓጉንቸር የሆነበት ቤት ብዙ ነው። አንዳንዶቹ «እኛው መጥተን እንወስደዋለን» ብለው ጎረምሶች ይዘው ይመጣሉ፤ ሰውየውን ከአልጋው አንሥተው መኪና ውስጥ ያስገቡታል። ቤተሰብ ቸግሮት ይስማማል፤ አልፈርድበትም። ግን ይህ አዋቂ ሰው ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 17 ሰው ከሕግ ውጭ ነፃነቱን እንደማያጣ፣ በአንቀጽ 18 ደግሞ ከጭካኔና ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች፤ በእነዚህ ቤቶች ካሉት ብዙዎቹ ደግሞ ከሱሱ ጋር የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ናቸው። መብቱን ለጊዜው እንተወውና፣ ሌሊት ከወጥ ቤት እሳት ቢነሣ በዚያ ቤት ውስጥ ማን ይወጣል? ቁልፉ የት ነው? ይህን ለመጠየቅ የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ቁጥጥር ውጤት እንደሚያመጣ አምናለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ በዓይናችን አይተናል። ከዚያ በፊት ወንድሜ ኳስ በሚያይበት ሁሉ ቢራ ነበር። ሕጉ ወጣ፣ ተቆጣጣሪ ቆመለት፣ ቀረ። የመጠጡን ማስታወቂያ ያስቆመ አገር፣ መጠጡ የጣለውን ሰው የሚያነሣውን ቤት ሌሊት ሄዶ ማየት አያቅተውም።

ስትሄዱ እንዴት እንደምታዩ የሚያግዝ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ዓይነት ተቋማትን ለመመዘን በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኳሊቲ ራይትስ» የሚባል መሣሪያ ሦስት መንገድ ይጠቀማል። ሰነድ ያያል፣ ቦታውን በዓይኑ ያያል፣ ሰዎቹን ያነጋግራል። እስካሁን እንደ ዜጋ የማየው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን በሌሊት አድርጉት፤ ሦስተኛውንም ጨምሩልን። ታካሚዎቹን ባለቤቱ በሌለበት፣ የቤቱ አማካሪም በሌለበት አነጋግሯቸው። «ማታ ብትታመም ማንን ትጠራለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «መውጣት ብትፈልግ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሱሰኛ ይዋሻል የሚል ሰው ይኖራል። አሥራ አምስት ሰው ለየብቻው ተጠይቆ አንድ ዓይነት ነገር ከተናገረ ግን እሱ ወሬ አይደለም።

ካያችሁ በኋላ ደግሞ ያያችሁትን ንገሩን። ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ስም ዝርዝር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተጎበኙበት ቀን፣ ሌሊት ባለሙያ ያላቸው መሆን አለመሆናቸው በየጤና ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳና በቴሌግራም ገጻችሁ ቢለጠፍ፣ እንደ እኛ በጥድፊያ የሚፈልግ ቤተሰብ ቢያንስ የሚነሣበት ነገር ያገኛል። የመጀመሪያው ወር የጥየቃ ክልከላም ይታይልን። ልጁን ማነጋገር ባይቻል እንኳ ቤተሰብ በየቀኑ ከነርስ ጋር ሁለት ደቂቃ የመነጋገር መብት ይኑረው። ቤተሰቡ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ። ወንድሜ ከዓመታት በፊትም መጠጥ ሲያቋርጥ አንድ ጊዜ ጥሎት ነበር፤ እናታችን ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም።

ስለ መውጫውም ጥቂት ቃል። ብዙ ቤቶች ሦስት ወሩ ሲያልቅ ኬክ ቆርሰው፣ ፎቶ አንሥተው ይሸኛሉ። ደስ ይላል፤ እኛም ተነሥተናል። ከዚያ በኋላ የሚደውል የለም። በተለይ ትራማዶልና መሰል የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ይወስዱ ለነበሩ ልጆች ይህ ጊዜ አስፈሪ ነው። ሰውነታቸው የቀድሞውን መጠን መሸከም አቁሟል። ተስቷቸው አንድ ቀን የድሮውን ያህል ቢወስዱ ትንፋሻቸው ሊቆም ይችላል። ይህን ለልጁም ለቤተሰቡም በግልጽ ሳይናገሩ መሸኘት ሥራውን ሳይጨርሱ ማሰናበት ነው። ከወጡ በኋላ የሚመለሱበት ቀጠሮ፣ የሚደውሉለት ሰው ይኑር።

ውድ የማገገሚያ ቤት ባለቤቶች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚህ ሥራ የገባችሁት ወንድም ወይም ልጅ አጥታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ገንዘቡን ብቻ ብላችሁ እንዳልገባችሁበትም አምናለሁ። የተቆጣጣሪውን መምጣት አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ሰዓታችሁን ከሌሊቱ 9 ላይ ሞልታችሁ ተነሡና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ማን ነቅቶ እንዳለ እዩ። ሌሊት አምቡላንስ የጠራ ሠራተኛ እንደማይባረር ከነገ ጀምሮ በጽሑፍ ንገሩ። ስልካችሁንም አትዝጉ።

ለቤተሰቦችም፤ ቤት ስትመርጡ ከቻላችሁ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ደውሉ። የሌሊቱን ተረኛ አቅርቡልን በሉ፣ ሙያውን ጠይቁ። ሰውየው ጠጪ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ቤት ውስጥም በድንገት አታስቁሙት።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ወንድሜ ይህን ደብዳቤ አንብቦታል፤ እንዲወጣም ፈቅዷል። እኔም የደረሰብንን በጽሑፍ፣ ከሆስፒታሉ ማስረጃ ጋር፣ ለሚመለከተው ክፍል ለማስገባት ዝግጁ ነኝ። የምንጠብቀው የሌሊት ጉብኝቱ በዓመታዊ ዕቅዳችሁ ውስጥ መግባት አለመግባቱን፣ ከገባም የመጀመሪያው በየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚጀመር የሚነግረንን መልሳችሁን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ታካሚ እህት
አዲስ አበባ